ልጅን መላክ በዋጃና በባህር ማዶ

ልጅን መላክ ከሌላው የልጆች የቤት ሥራ ተለይቶ ሊታይ የሚገባው ልማድ ነው። ከብት መጠበቅ፣ ውሃ መቅዳት ወይም የደረሰ ማሽላን በወንጭፍ ከግሪሳ ወፍ መከላከል ልጁ በጉልበቱ የሚያበረክተው ድርሻ ሲሆን፣ መላክ ግን የቤቱን ቃል፣ ገንዘብና አደራ ይዞ ወደ ሌላ ሰው ዘንድ ሄዶ፣ ምላሹን ሳያጎድልና ሳይጨምር ይዞ የሚመለስበት ተግባር ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚመረመረው ይህ ልማድ በሰሜን ኢትዮጵያ በሚገኘው በራያ ቆላ፣ በተለይም በዋጃ፣ በምን ላይ እንደቆመና ወደ ውጭ በወጡ ቤተሰቦች ዘንድ ምን እንደገጠመው ነው፤ ጉዳዩ የልጅ አስተዳደግ ብቻ ቢመስልም፣ ጠጋ ብሎ ላየው ከዓለም ፖለቲካ ጋር የተጋመደ ነው።

ዋጃ ከአዲስ አበባ በደሴ አድርጎ ወደ መቀሌ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና የሚያልፍባት፣ በቆቦና በአላማጣ መካከል የምትገኝ የቆላ ከተማ ናት። በዚህች ከተማና በዙሪያዋ ባሉ መንደሮች ልጅ አምስት ወይም ስድስት ዓመት ሲሞላው የሚሰጠው የመጀመሪያ መልእክት አብዛኛውን ጊዜ ገንዘብ የሌለበት ነው፤ ቡና ሲፈላ ጎረቤት ይጠራል፣ ወንፊት ተውሶ ያመጣል፣ የተዋሰውንም ይመልሳል። ቀጥሎ ወደ ሱቅ፣ ከፍ ሲልም እህል አስጭኖ ወደ ወፍጮ ቤት ይላካል። ልጁን የመላክ መብት የወላጅ ብቻ አይደለም፤ አያ ወይም እትዬ ብሎ የሚጠራው ማንኛውም ታላቅ ሰው በመንገድ ሲያገኘው ሊልከው ይችላል፣ ከልጁም የሚጠበቀው «እሺ» ማለት ነው። ላኪው መሬት ላይ እንትፍ ብሎ «ምራቄ ሳይደርቅ ተመለስ» ሲል ጊዜውን ይወስናል፣ ሲመለስም «እደግ» ብሎ ይመርቀዋል፤ ክፍያው ምርቃቱ ነው።

ይህን ሥርዓት ያቆመው የልጁ ጉብዝና ወይም የወላጁ ድፍረት ብቻ አይደለም። ባለሱቁ የማን ልጅ እንደሆነ ያውቃል፤ በዱቤ፣ ማለትም ገንዘብ ሲገኝ በሚከፈል ብድር፣ የሚወሰደውን ዕቃ በደብተሩ ይመዘግባል፤ ልጁ ከታዘዘው ውጭ ከረሜላ ቢጨምር ይጠይቀዋል፤ መልሱን፣ ማለትም ከተከፈለው የተረፈውን ገንዘብ፣ እንዳይጥል ያስጨብጠዋል። በየደጃፉ የተቀመጡ እናቶች፣ ተሳፋሪ የሚጠብቁ የባጃጅ ሾፌሮችና በጥላ ሥር የሚጫወቱ ሽማግሌዎች መሄዱንም መመለሱንም ያያሉ፤ ኳስ ሲያይ ቢዘገይ ወሬው ከእሱ ቀድሞ ቤት ይደርሳል። የዋጃ ልጅ ብቻውን ተላከ ይባል እንጂ ብቻውን አይሄድም፤ ከእናቱ ዓይን ሲወጣ ወደ መንደሩ ዓይን ይገባል።

በመልእክት የሚገኘው ትምህርት ሂሳብ ብቻ አይደለም። የራያ ቆላ ገበያዎች አማርኛና ትግርኛ ጎን ለጎን የሚነገሩባቸው፣ ከምሥራቅ የሚመጡ የአፋር አርብቶ አደሮችም የሚገበያዩባቸው በመሆናቸው፣ ልጁ ለማን በምን ቋንቋ ሰላምታ እንደሚሰጥ፣ ከማን ጋር ዋጋ እንደሚከራከርና በማን ፊት ዝም እንደሚል እየተላከ ይማራል። የዓለም ፖለቲካም ወደ ቤቱ ከሚገባባቸው በሮች አንዱ እሱ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ውሳኔው ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ጋር ከተደረገው የብድር ስምምነት ጋር የተያያዘ ነበር፤ ለአንድ የዋጃ ቤተሰብ ግን የምንዛሪ ፖሊሲ ትርጉም የሚያገኘው ዘይት እንዲገዛ የተላከ ልጅ ገንዘቡ ሳይበቃው ባዶ ጠርሙስ ይዞ ሲመለስ ነው። የዋጋ ጭማሪን ከቤተሰቡ ቀድሞ የሚሰማው ልጁ ነው፤ እናቱ «ዋጋው ጨምሯል» ሲላት የምታምነውም ከዚያ በፊት ሳያጎድል ባመጣቸው መልሶች ምክንያት ነው።

ከዚሁ አካባቢ በአፋር በረሃ፣ በጅቡቲና በየመን አድርገው ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ የተሻገሩ ወጣቶች ብዙ ናቸው። እናት በጅዳ ወይም በሪያድ በሰው ቤት የሌላ ሰው ልጆች ስታሳድግ የራሷ ልጅ በአያቱ እጅ ያድጋል፤ ፊደል ያልቆጠረች አያት ስልኳ ላይ የደረሰውን የባንክ ወይም የቴሌብር (በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ነው) አጭር መልእክት የሚያነብላት፣ የገባውንና የቀረውን የሚነግራት እሱ ነው። በዚህ አኳኋን የጥንቱ መላላክ አዲስ መልክ ይዞ ቀጥሏል፤ የልጁ ታማኝነትም ከሱቅ ዕዳ አልፎ የእናቱን የድካም ዋጋ እስከመጠበቅ ደርሷል።

በአሜሪካ ያለው ሁኔታ የተለየ ነው። ከዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ በሜሪላንድ ግዛት በሞንጎመሪ ካውንቲ የሚገኘው ሲልቨር ስፕሪንግ ኢትዮጵያውያን በብዛት ከሰፈሩባቸው ሥፍራዎች አንዱ ሲሆን፣ ልጅ ብቻውን በመንገድ የመሄዱ ጉዳይ ለመላው አሜሪካ መነጋገሪያ የሆነውም በዚያው ነበር። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2014 የአንድ አሜሪካዊ ቤተሰብ ልጆች የሆኑ የ10 እና የ6 ዓመት ወንድምና እህት ከመናፈሻ ወደ ቤታቸው 1.6 ኪሎ ሜትር ገደማ በእግራቸው ሲሄዱ ፖሊስ አስቁሞ ወሰዳቸው፤ የሕፃናት ጥበቃ አገልግሎት፣ ማለትም ልጆች እንዳይበደሉና ችላ እንዳይባሉ የሚከታተለው የመንግሥት አካል፣ በወላጆቹ ላይ ምርመራ ከፈተ። በኤፕሪል 2015 ልጆቹ እንደገና ተይዘው ለሰዓታት ቆዩ። በመጨረሻ ወላጆቹ ጥፋት የለባቸውም ተባለ፣ ግዛቱም ልጅ ያለ አዋቂ መሄዱ ወይም መጫወቱ ብቻ፣ ሌላ አደጋ እስካልታየ ድረስ፣ ለምርመራ እንደማይበቃ የሚገልጽ ማብራሪያ በዚያው ዓመት አወጣ። የሜሪላንድ ሕግ የሚከለክለው ከ8 ዓመት በታች ያለን ልጅ ቢያንስ 13 ዓመት የሞላው አስተማማኝ ጠባቂ ሳይኖር በቤት ወይም በመኪና ውስጥ ከዓይን ርቆ መተውን ነው።

ሆኖም ሕጉ ከሚከለክለው ይልቅ ፍርሃቱ የሚከለክለው ይበዛል። ምርመራ ለአገሬው ቤተሰብ አስጨናቂ ከሆነ፣ የመኖሪያ ፈቃዱ ገና ላልጸና ስደተኛ ወላጅ የልጁን መነጠቅና የራሱን መባረር በአንድ ጊዜ የሚያሳስብ ነገር ነው። ስለዚህ በስድስት ዓመቷ ወደ ሱቅ ትላክ የነበረች የራያ ሴት የአሥር ዓመት ልጇን እስከ ጎረቤት በር እንኳ አትልከውም፤ ልጁ ወደ ገበያ የሚሄደው በመኪና ተጭኖ ነው፣ ዕቃው የሚመረጠው በወላጅ እጅ ነው፣ ሒሳቡ የሚከፈለው በካርድ ነው፣ አልፎ አልፎም ዕቃው ራሱ በስልክ ታዝዞ ደጃፍ ድረስ ይመጣል። እንዲህ ያደገ ልጅ ስለ ዩክሬን ወይም ስለ ጋዛ ከስክሪን የሰማውን አብራርቶ ሊናገር ይችላል፤ የማያውቀውን ትልቅ ሰው ቀርቦ ዋጋ መጠየቅና መልስ መቁጠር ግን ያስጨንቀዋል። እንግዳ ሲመጣ ከክፍሉ የማይወጣውን፣ ውሃ አምጣ ሲባል የማይነሳውን ልጅ ዘመድ «ስድ» ሲለው ይሰማል። ፍርዱ ትክክል አይደለም፤ ልጁ ያልተማረውን ተጠይቋል፣ ያላስተማሩትም ታላላቆቹ ናቸው።

ይህን ልዩነት «የፈረንጅ ባህል» ብሎ መዝጋት ግን ታሪክን መዘንጋት ይሆናል። በእንግሊዝ በተደረገ የታወቀ ጥናት መሠረት እ.ኤ.አ. በ1971 ከ7 እና ከ8 ዓመት ልጆች 80 በመቶው ያለ አዋቂ ወደ ትምህርት ቤት ይሄዱ የነበረ ሲሆን፣ በ1990 ቁጥሩ ወደ 9 በመቶ ወርዶ ተገኝቷል፤ ለወላጆች ፍርሃት ዋናው ምክንያት የመኪና ብዛት ነበር። በጃፓን በአንጻሩ ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ያሉ ሕፃናት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲላኩ የሚያሳይ የቴሌቪዥን ዝግጅት እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ በተመልካች ተወድዶ ቆይቷል፤ በየሰፈሩ ያሉ ባለሱቆችና መንገደኞችም ለልጁ ከለላ ሲሆኑ በዝግጅቱ ይታያል። በአሜሪካም የዩታ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2018 ልጅ ብቻውን ወደ ትምህርት ቤት ወይም ወደ መደብር ሲሄድ ወላጁ ችላ ባይ ተብሎ እንዳይከሰስ በሕግ ደንግጓል። እንግዲህ የሚለያየው የአህጉር ወይም የቀለም ጉዳይ ሳይሆን መንገዱ በማን እጅ እንደሆነ ነው፦ በእግረኛና በጎረቤት እጅ ወይስ በመኪናና በማይተዋወቁ ሰዎች እጅ።

ቢያትሪስና ጆን ዋይቲንግ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ኬንያንና ሜክሲኮን ጨምሮ በስድስት አገሮች ያሉ ልጆችን አነጻጽረው እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተሙት ጥናት፣ ለቤተሰብ የሚጠቅም እውነተኛ ሥራ የሚሰጣቸው ልጆች ለሌላው የማሰብና ኃላፊነት የመሸከም ጠባይ ጎልቶ እንደታየባቸው ጽፈዋል። ትልቁ ቁም ነገር ሥራው እውነተኛ መሆኑ ላይ ነው፤ ልጁ ካላመጣው እራቱ እንደማይሠራ ማወቁ ከማንኛውም ምክር በላይ ያበስለዋል።

የዋጃው ልማድም ነቀፋ የሌለበት አይደለም፣ በናፍቆት ብቻ ሊወሳም አይገባም። በተመሳሳይ ዕድሜ ሴት ልጅ ከወንድሟ ይልቅ ትላካለች፣ ከተላከችበት ስትመለስም ሌላ ሥራ ይጠብቃታል፣ ለጥናት የሚተርፋት ጊዜ ያንሳል። በከተማ ቤቶች ለዘመድ «እየተላከች ትማር» ተብላ የምትሰጥ የገጠር ልጅ ትምህርቱን ሳታገኝ ያለ ደመወዝ ሠራተኛ ሆና የምትቀርበት ጊዜ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል፤ መላላክ ግን ቅጥር ተብሎ ስለማይታይ ከሕጉ እይታ ውጭ ይቀራል። ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ደግሞ «እሺ» ብሎ ያደገ ልጅ ለቤተሰቡ ሲል በረሃ ለማቋረጥም «እሺ» ማለቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ከሳዑዲ ዓረቢያ ከተባረሩት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ ታናናሾቻቸውን ለማስተማር፣ ለወላጆቻቸው ቤት ለመሥራት የሄዱ ወጣቶች ነበሩ። ልጅን እስከ ሱቅ መላክና እስከ ባህር ማዶ መላክ በአንድ መታዘዝ ላይ ቢቆሙም፣ ሁለተኛውን የሚጠብቅ የመንደር ዓይን የለም፤ ስለዚህም ሁለተኛውን እንደ መጀመሪያው ማመስገን በደል ነው።

ጦርነት ደግሞ መላክን ራሱን ያስቆማል። ከሐምሌ 2013 ዓ.ም. ጀምሮ የቆቦ አካባቢ በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ውስጥ ወደቀ፤ ነሐሴ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. ውጊያው ያገረሸውም በዚያው አካባቢ ነበር። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነቱን የሚያቆም ስምምነት በፕሪቶሪያ ቢፈረምም የራያ የአስተዳደር ጥያቄ፣ ማለትም በአማራ ወይስ በትግራይ ክልል ሥር ይሁን የሚለው፣ ሳይፈታ ቆየ፤ በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በአላማጣና በራያ አላማጣ በተነሳው ግጭት 50 ሺህ ገደማ ሰዎች እንደተፈናቀሉ፣ አብዛኞቹም ወደ ቆቦ እንደሄዱ የተባበሩት መንግሥታት ገልጿል። በእንዲህ ያለ ጊዜ እናት ልጇን ስትከለክል የምትፈራው ጥይትን ብቻ አይደለም። በሜዳ የወደቀ ያልፈነዳ ተተኳሽ አለ፤ በኬላ ቆሞ «አባትህ ማን ነው? የትኛውን ቋንቋ ትናገራለህ?» የሚል ታጣቂ አለ፤ ትናንት የሁለት ቋንቋ ችሎታው ያስመሰገነው ልጅ ዛሬ በዚያው ሊጠረጠር ይችላል። ልጆች ያዩትን ይጫወታሉና፣ በቆርኪ ገንዘብ «ሱቅ ሱቅ» ይጫወት የነበረ ልጅ እንጨት ታጥቆ ተኩስ ሲጫወት የሚያይ ታላቅ ሰው ልጁን ከመገሠጹ በፊት የአካባቢውን ሁኔታ ሊመረምር ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ1990 በአዲስ አበባ የጸደቀው የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደህንነት ቻርተር በአንቀጽ 31 ልጅ መብት ብቻ ሳይሆን እንደ ዕድሜውና ችሎታው ለቤተሰቡና ለማኅበረሰቡ ኃላፊነት እንዳለበት ይደነግጋል፤ በ1989 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት ይህን የሚመስል አንቀጽ የለውም። ኢትዮጵያ ሁለቱንም ተቀብላለች፤ አሜሪካ ግን የተባበሩት መንግሥታቱን ስምምነት ፈርማ እስካሁን ያላጸደቀች ብቸኛዋ የድርጅቱ አባል አገር ናት። ሁለቱ ሰነዶች ጎን ለጎን ሲነበቡ፣ የሚጠበቅ ልጅና የሚላክ ልጅ አንድ ሰው እንደሆኑ ይገለጣል፤ አንዱን ይዞ ሌላውን መጣል ልጁን ጎዶሎ ያደርገዋል።

በውጭ ያሉ የራያ ቤተሰቦች ይህን በተግባር ሊያውሉት ይችላሉ። በአንድ ሕንፃ ወይም በአንድ ሰፈር የሚኖሩ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ወይም እድር የሚገናኙ ወላጆች የሕጉን ዕድሜ ጠብቀው፣ አንዱ የሌላውን ልጅ እንዲልክና እንዲጠብቅ ይስማሙ፤ ልጁ በኢትዮጵያዊ መደብር ጤፍና በርበሬ ራሱ ጠይቆ፣ ራሱ ከፍሎ፣ መልስ ቆጥሮ ይምጣ፤ ለአያቱ ገንዘብ ሲላክም ደውሎ መድረሱን የሚያረጋግጠው እሱ ይሁን። ከዚህ ጋር፣ በውጭ ሆነው ስለ ራያ የሚጽፉ፣ የሚሰበሰቡና ገንዘብ የሚያዋጡ ሁሉ፣ የየትኛውም ወገን ቢሆኑ፣ አቋማቸውን ከማሰማታቸው በፊት አንድ ጥያቄ እንዲጠይቁ በአክብሮት ይለመናሉ፦ ይህ ቃል ወይም ይህ ገንዘብ፣ ከዋጃ ወደ አላማጣና ወደ ቆቦ በሚወስደው መንገድ የአሥር ዓመት ልጅ በሰላም ተልኮ እንዲመለስ ይረዳል ወይስ ያግደዋል?