ከአናኮስቲያ ወንዝ ማዶ ያለው ቤት

ደረጃው 85 ነው። የቆጠረችው ልጄ ናት። በእንግሊዝኛ ጀምራ ሃያ አካባቢ ስትደርስ እናቴ ከኋላ «በአማርኛ ቁጠሪ እንጂ፣ እኔም ልስማው!» አለቻት። ልጄ ሳቀችና ካለችበት ወደ አማርኛ ዞረች። እስከ ሃምሳ ደህና ሄደች። ስልሳን ዘለለች፣ ሰባንና ሰማንያን አቀያየረች፤ እናቴም ቆማ አስተካከለቻት። መቆሙ ለጉልበቷም ጥሩ ነበር። (እናንተም እዚያው ጋ የምትደናቀፉ ከሆነ አትፈሩ። እኔ እንግሊዝኛ ስማር «ሰርቲን» እና «ሰርቲ» ለዓመታት ያምታቱኝ ነበር።)

ደረጃ መውጣት ለማይችል ሰው ሌላ መንገድ እንዳለ ለእናቴ ነግሬያት ነበር። «የሽሮ ሜዳ ልጅ ዳገት ትፈራለች እንዴ?» ብላ እምቢ አለች። ላይ ስንደርስ ዞር ብላ ቁልቁል አየች። ከዛፎቹ በላይ የካፒቶል ነጭ ጉልላት ይታያል፣ ራቅ ብሎ ደግሞ እንደ መርፌ የቆመው የዋሽንግተን ሐውልት። «ለካ ከተማችሁ የሚያምረው ከዚህ ሲታይ ነው» አለች።

እውነቱን ልናገር። ሲልቨር ስፕሪንግ መኖር ከጀመርኩ 19 ዓመት ሆኖኛል፤ ዋሽንግተን ዲሲን አውቃታለሁ እላለሁ። የማውቀው ግን የእኛን ዋሽንግተን ነው፦ ዩ ስትሪትን፣ ዘጠነኛ ጎዳናን፣ እንጀራና በርበሬ የምገዛባቸውን ሱቆች። ከአናኮስቲያ ወንዝ ማዶ ያለውን የከተማውን ክፍል አንድም ቀን ረግጬው አላውቅም ነበር። «እዚያ ሄደሽ ምን ልታደርጊ?» ይሉኛል ሰዎች። የሚሉኝም እንደኔው ሄደው የማያውቁ ናቸው።

የወሰደችን ልጄ ናት። አሥር ዓመቷ ነው፤ ሰው ፊት መናገር ትፈራለች። አንድ ቀን ስለ ንግግር ውድድር የሚናገር ወረቀት ከትምህርት ቤት ይዛ መጣች። የፍሬደሪክ ዳግላስን ቤት የሚያስተዳድሩት ሰዎች ከአንደኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላሉ ተማሪዎች የሚያዘጋጁት ውድድር ነው። ተማሪው ከዳግላስ ንግግሮች አንዱን ክፍል በቃሉ ይይዛል፤ ከዚያ ዳኞች ፊት ቆሞ ይናገራል። መምህሯ «ሞክሪ» ብላታለች። ልጄ «እስቲ መጀመሪያ ቤቱን ልየው» አለች። አያቷ ከአዲስ አበባ ለጥየቃ መጥታ ስለነበር ሦስታችንም ተነሣን።

«ፓርክ» የሚለው ቃል ልጄን ግራ አጋብቷት ነበር። ዛፍና ዥዋዥዌ ጠብቃ ነው የመጣችው። እናቴ በበኩሏ ብሔራዊ ፓርክ ሲባል የምታውቀው የሰሜን ተራሮችን ነው፤ ዋልያና ጭላዳ ያሉበትን። ሁለቱም አልተሳሳቱም። አሜሪካ የመጀመሪያውን ብሔራዊ ፓርክ፣ የሎውስቶንን፣ በ1872 ስታቋቁም ያሰበችው ተራራ፣ ፍል ውኃና የዱር እንስሳ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ «በእኛ አቆጣጠር» ካላልኩ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በ1916 የተመሠረተው የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ግን ዛሬ ከ400 በላይ ቦታዎችን ይጠብቃል። ከእነዚህ ውስጥ የጦር ሜዳዎች አሉ፣ ሐውልቶች አሉ፣ እንዲህ ያለ የአንድ ሰው መኖሪያ ቤትም አለ። ሌላ ቦታ ሰፊ ባርኔጣ ደፍቶ ድብና ጫካ የሚጠብቀው ሬንጀር እዚህ የሚጠብቀው ቫዮሊን፣ ወንበርና መጽሐፍ ነው።

ቤቱ ውስጥ ለብቻ መዞር አይቻልም። ጉብኝቱ ሰዓት አለው፤ ከሬንጀር ጋር ነው የሚገባው። ልትሄዱ ካሰባችሁ ቀደም ብላችሁ በኢንተርኔት ቦታ ያዙ። እኛን ያስጎበኘችን ሬንጀር ወጣት ሴት ነበረች። እሷ በእንግሊዝኛ ትናገራለች፣ እኔ ለእናቴ በጆሮዋ እተረጉማለሁ።

«ፍሬደሪክ ዳግላስ በ1818 በሜሪላንድ ተወለደ፤ የተወለደበትን ቀን ግን አያውቅም ነበር» አለች ሬንጀሯ።

ስተረጉምላት እናቴ ጮክ ብላ ሳቀች። «እንደኔ ነዋ!»

በእናቴ ፓስፖርት ላይ ያለው የልደት ቀን በግምት የተሞላ ነው። እሷ የምታውቀው በመኸር መወለዷን ብቻ ነው። ሬንጀሯ ምን እንዳለች ጠየቀችኝና ነገርኳት። ፈገግ አለች፤ ከዚያ የዳግላስን ቀጠለች። ዳግላስ የተወለደው በባርነት ነው። ሰውን እንደ ንብረት የሚይዙ ሰዎች ለልጆቹ የልደት ቀናቸውን አይነግሯቸውም። እናቱ ሌላ እርሻ ላይ ትሠራ ነበር፣ 12 ማይል ርቃ። ቀን ስትሠራ ትውልና ማታ በእግሯ መጥታ አጠገቡ ትተኛለች፤ ሳይነጋ ተመልሳ ትሄዳለች። ልጅ እያለ ሞተችበት። እናቱ «ቫለንታይን» ትለው እንደነበር ስላስታወሰ፣ ካደገ በኋላ ፌብሩዋሪ 14ን የልደቱ ቀን አደረገው። እስከ ዛሬ በየካቲት አካባቢ ልደቱ እዚህ ቤት ይከበራል።

እናቴ ሳቋን ዋጠችው። ዓይኗ ከኛ ጋ አልነበረም።

ቤቱን ዳግላስ የገዛው በ1877 ነው፤ 6,700 ዶላር ከፍሎ። ቤቱን ያሠራው ነጋዴ በዚያ ሠፈር መሬት ሲሸጥ ለጥቁር ሰው እንዳይሸጥ የሚከለክል ውል ያስፈርም ነበር። የዚያን ሰው የራሱን ቤት በመጨረሻ የገዛው ጥቁር ሰው ሆነ። 14 ክፍል የነበረውን ቤት ዳግላስ 21 አደረገው። ክፍሎቹን የምታዩት ከበር ላይ ሆናችሁ ነው። ሊንከን ከተገደለ በኋላ ሚስቱ ለዳግላስ የላከችለት የሊንከን ምርኩዝ፣ ግድግዳውን የሞላው መጽሐፍ፣ ቫዮሊኑ። መኝታ ቤቱ ውስጥ ደግሞ የስፖርት ብረት አለ። ልጄ ከሁሉ በላይ የወደደችው ብረቱን ነው።

መጽሐፎቹ ፊት ሬንጀሯ ቆማ ንባብ እንዴት እንደጀመረ ነገረችን። ስምንት ዓመት ገደማ ሲሆነው ወደ ባልቲሞር ተላከ። የቤቱ እመቤት ፊደል ታስቆጥረው ጀመር። ባሏ ሲሰማ ተቆጣ፤ ማንበብ ከተማረ ባሪያ ሆኖ አይቀመጥም አላት። ልጁ ይህን ሰማ። ሊከለከለው የተፈለገው ነገር ምን እንደሆነ የዚያን ዕለት ገባው። ከዚያ በኋላ ለመልእክት ሲወጣ ዳቦ ይዞ ይወጣ ነበር፤ መንገድ ላይ ለሚያገኛቸው የተራቡ ነጭ ልጆች ዳቦውን ይሰጣል፣ እነሱ ፊደል ያሳዩታል። 12 ዓመት ገደማ ሲሆነው በ50 ሳንቲም የንግግሮች መጽሐፍ ገዛ። ከዚያ መጽሐፍ የተለማመደው ልጅ ነው በኋላ አሜሪካንንም አውሮፓንም በንግግሩ ያንቀጠቀጠው። በ1838 የመርከበኛ ልብስ ለብሶ አመለጠ፤ በ1845 የሕይወቱን ታሪክ አሳተመ።

«በዳቦ?» አለች እናቴ። «እኔን ያስተማረችኝ ልጅ ዳቦ አልጠየቀችኝም። ቡና ግን አፈላላት ነበር።»

ልጄ ቀና ብላ አየቻት። አያቷ ካደገች በኋላ ማንበብ እንደተማረች አታውቅም ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ነግሬያት አላውቅም። በእኛ አቆጣጠር በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር እናቴ ሁለት ልጆች ወልዳ ነበር። ማታ ማታ ቀበሌ እየሄደች ተማረች። አስተማሪዋ በዕድሜ ከእሷ የምታንስ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበረች። አባቴ እራት ሲዘገይበት ያጉረመርማል፤ እሷ ደብተሯን ከሞሰብ ሥር ትደብቃለች።

ወጥ ቤቱ ጋ ስንደርስ እናቴ ምድጃውን አይታ «ሚስቱስ?» አለች። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እኔ አላሰብኩትም። አና መሪ ዳግላስ በነፃነት የተወለደች ሴት ነበረች። ባልቲሞር ውስጥ በሰው ቤት እየሠራች ገንዘብ አጠራቅማ ነበር። የዳግላስን ማምለጫ የረዳው የእሷ ገንዘብ ነው። እስከ ሕይወቷ መጨረሻ ግን ብዙም ማንበብ አልተማረችም፤ በ1882 እዚሁ ቤት አረፈች። ይህን ስተረጉም በዱባይና በቤይሩት በሰው ቤት ሠርተው ወንድሞቻቸውን ያስተማሩ የማውቃቸው ሴቶች ፊቴ መጡ። እናቴ ወጥ ቤቱን ትታ ለመሄድ ጊዜ ወሰደባት።

ቤቱ እንዴት እንደተረፈ በአጭሩ ልንገራችሁ፤ ይህም የሴቶች ታሪክ ነው። ዳግላስ በ1895፣ የአድዋ ድል ሊሆን አንድ ዓመት ሲቀረው፣ ከሴቶች መብት ስብሰባ ተመልሶ እዚሁ ቤት ሞተ። ሁለተኛ ሚስቱ ሄለን ፒትስ ቤቱን እንድትወርስ ተናዞ ነበር፤ ኑዛዜው ግን ሕጉ ለቤት የሚጠይቀውን ያህል ምስክር አልነበረውም። ሄለን ተበድራ ከልጆቹ ላይ ቤቱን ገዛችው፣ የሚጠብቀው ማኅበርም አቋቋመች። እሷ ስትሞት ዕዳው አላለቀም ነበር። የጥቁር ሴቶች ክበቦች ማኅበር ገንዘብ ሰብስቦ በ1918 ዕዳውን ዘጋ። መንግሥት ቤቱን የተረከበው በ1962 ነው። እንግዲህ ለብዙ ዓመታት ይህን ቅርስ ያቆመው የሴቶች መዋጮ ነው፤ እኛ ዕቁብና ዕድር የምናውቅ ሰዎች ይህ አይጠፋንም።

ከቤቱ ጀርባ አንዲት ትንሽ የድንጋይ ቤት አለች፤ መስኮት የላትም። ዳግላስ ብቻውን ሆኖ የሚያነብባትና የሚጽፍባት ነበረች። ስሟን «ግራውለሪ» ብሏት ነበር፤ የማጉረምረሚያ ቤት ማለት ነው። ዛሬ የምትታየው እንደገና የተሠራችው ናት። «አባትሽም እንዲህ ያለ ቤት ነበር የሚያስፈልገው» አለች እናቴ። እዚያው አጠገብ ጥላ ሥር ተቀመጥን።

እናቴ ለልጄ ታሪኩን በራሷ አማርኛ ልትደግምላት ጀመረች። «ባሪያ ነበር» አለች። ቃሉ ከበደኝ። በአማርኛ ይህ ቃል የታሪክ ቃል ብቻ አይደለም፤ ዛሬም ሰው በመልኩ የሚሰደብበት ቃል ነው። ለልጄ «በባርነት የተያዘ ሰው» ማለት ይሻላል አልኳት። ረጅም ነው፤ ግን ሰውየውን አይደብቀውም። ልጄ ጥቂት አሰበችና ጠየቀች።

«ኢትዮጵያ ውስጥም ነበር?»

አፌን ከፍቼ የጀመርኩት ስለ አድዋ ነው። ማንም ቅኝ አልገዛንም፣ ጣልያንን አሸንፈናል፣ ምናምን። ልጄ በትዕግሥት አዳመጠችኝ። የጠየቀችኝ ግን ይህን አልነበረም።

«ነበረ» አለች እናቴ።

ነበረ። ኢትዮጵያ በ1923 የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማስቀረት ቃል ገብታለች፤ በሕግ ፈጽሞ የተሻረው ግን በ1942 ነው። ይህን እኔ ከመጽሐፍ አውቀዋለሁ። እናቴ የምታውቀው ግን ሌላ ነው። በአያቷ ቤት አንዲት አሮጊት ነበሩ። ልጆቹ ሁሉ «እማማ» ይሏቸዋል፤ ያሳደጓቸው እሳቸው ናቸው። የሚበሉት ግን ማጀት ነው፣ ሰው ሁሉ ከበላ በኋላ። ከየት እንደመጡ፣ የማን ልጅ እንደሆኑ የጠየቀ የለም። «አንድ ቀን ልጅ ሆኜ፣ ‹እማማ፣ መቼ ተወለዱ?› አልኳቸው» አለች እናቴ። «‹እኔ እንጃ ልጄ፣ ማን ይነግረኛል› አሉኝ። ዛሬ ልጅቷ የልደት ቀኑን አያውቅም ስትል የሳቅሁት… እኔ የማላውቀው የሚጽፍ ስላልነበረ ነው። እሳቸው የማያውቁት የሚነግራቸው እናት ስለተወሰደባቸው ነው። አንድ አይደለም።»

በዚህ ሁሉ ዓመት ይህን ታሪክ ለእኔ ነግራኝ አታውቅም። ጠይቄያት ስለማላውቅ ይሆናል።

ልጄ ጭኗ ላይ የጁኒየር ሬንጀር ደብተሯን ይዛለች። በፓርኩ ለልጆች የሚሰጥ ነው፤ ጥያቄዎቹን ሠርቶ ለሬንጀሯ ያሳየ ልጅ ቀኝ እጁን አንሥቶ ቃል ይገባል፣ ባጅም ይሰጠዋል። ጥያቄዎቹን ጨርሳ ነበር። ደብተሩን ገለበጠችውና በጀርባው ባዶ ቦታ ላይ እርሳሷን አስጠጋች።

«ስማቸው ማን ነበር?» አለቻት።

እናቴ ነገረቻት። እኔም ስሙን የሰማሁት የዚያን ቀን ነው። ልጄ በፊደል፣ በአማርኛ፣ ቀስ ብላ ጻፈችው። እናቴ መነጽሯን አውጥታ አየች፤ ጣቷን ሁለተኛው ፊደል ላይ አሳረፈች።

«ይቺ ሳድስ ናት» አለች። «እግሯን አስተካክይላት።»