ከመጥፋታችሁ በፊት ተናገሩ

እኔ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ለመምከር ዕድሜዬ አይፈቅድልኝም፤ ሆኖም ሁለት ዓመት ቀድሞ የገባ ሰው ቀድሞ ያየው ነገር አይጠፋም። ለፍሬሽ የሚሰጠውን የተለመደ ምክር ሁላችንም በቃላችን ይዘነዋል፤ ጠንክራችሁ አጥኑ፣ ከመጥፎ ጓደኛ ራቁ፣ ጊዜያችሁን በአግባቡ ተጠቀሙ። ሁሉም እውነት ነው። በእኔ አስተያየት ግን ከእነዚህ ሁሉ የሚቀድም አንድ ነገር አለ፤ እሱም ሲቸግራችሁ ዝም አለማለት ነው።

ለምን ዝም እንደምንል ግልጽ ነው። እዚህ ግቢ የገባ ተማሪ ሁሉ ማለት ይቻላል በመጣበት ትምህርት ቤት "ጎበዝ" ሲባል የኖረ ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ከወሰዱት 900 ሺህ ገደማ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ታስታውሳላችሁ። እንዲህ ባለ ወንፊት ተነፍቶ የገባ ልጅ እጁን አንስቶ "አልገባኝም" ማለት ሞት ይመስለዋል። አጠገቡ ያለው የገባው ይመስለዋል፤ አጠገቡ ያለውም ስለ እሱ እንደዚያው ያስባል። ኧረ ስንቱ ነው አንድም ሳይገባው ራሱን እየነቀነቀ ማስታወሻ የሚጽፈው!

ሌላው ምክንያት ጠሪ መጥፋቱ ነው። ሃይስኩል እያለን የክፍል ኃላፊያችን ወላጆቻችንን ያውቅ ነበር፤ ሦስት ቀን ብንቀር ወላጅ ይጠራል። እዚህ ግን ወር ሙሉ ብትጠፉ ቤታችሁ ድረስ የሚመጣ የለም። ይሄ ጭካኔ አይደለም፤ እንደ ትልቅ ሰው ስለምትቆጠሩ ነው። አድቫይዘር አለ፣ ሬጅስትራር አለ፣ ክሊኒክ አለ፣ ላይብረሪ አለ። ሁሉም ግን በሩን ለሚያንኳኳ ነው።

አንድ የሰፈሬን ልጅ ታሪክ ላንሳ። ስሙንም የተማረበትንም ግቢ አልጠቅስም። ያደግነው ሽሮ ሜዳ ነው፤ አባቱ ሸማኔ ናቸው። ዩኒቨርሲቲ በገባ በሁለተኛው ሴሚስተር አባቱ በጠና ታመሙ። ታናናሾቹ ገና ልጆች ስለነበሩ ሥራውንም ገበያውንም እሱ ተሸከመው። ለዶርም ጓደኞቹ "መጣሁ" ብሎ እንደወጣ ፋይናል አለፈው። አባቱ ተሽሏቸው ሲመለስ የጠበቀው የኤፍ ሰልፍ ነበር። ከእኔ የተሻለ ሒሳብ የሚችል፣ ታታሪ ልጅ ነው፤ ዛሬ ግን ያለው ሽመናው ላይ ነው። ሽመና ክቡር ሙያ ነው፤ እሱ ግን መርጦት አይደለም የገባበት። "ለምን ዊዝድሮዋል አልሞላህም?" ብዬ ስጠይቀው "እንደዚያ የሚባል ቅጽ እንዳለ የት አውቄ!" አለኝ።

ጉዳዩ ይኸው ነው። ሕመም ወይም የቤተሰብ ችግር ሲገጥም በጊዜ ቅጽ ሞልቶ፣ ማስረጃ አያይዞ፣ ክሊራንስ ጨርሶ መውጣት ይቻላል፤ እንዲህ የወጣ ሰው ሪአድሚሽን ጠይቆ ካቆመበት ለመቀጠል መንገድ አለው። ዝም ብሎ የጠፋ ግን በሰነድ የሚታወቀው ፈተና እንዳልተፈተነ ብቻ ነው። አበው "በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም" የሚሉት ለዚህ ነው። እናም የሴኔት ሌጅስሌሽን የሚባለውን ሰነድ ፈልጋችሁ ስለ አድና ድሮፕ፣ ስለ ሜካፕ ፈተናና ስለ ዊዝድሮዋል የሚለውን አንብቡ። አሰልቺ ነው፤ ግን አንድ ማታ ቢወስድ ነው።

ሁለተኛው ነገር የነጥብ ስሌት ነው። ኤ 4፣ ቢ 3፣ ሲ 2፣ ዲ 1፣ ኤፍ ዜሮ ነው፤ በክሬዲቱ ተባዝቶ ይደመርና ለጠቅላላው ክሬዲት ይካፈላል። እያንዳንዳቸው 3 ክሬዲት የሆኑ 6 ኮርሶች ወሰዳችሁ እንበል። በሦስቱ ቢ፣ በሁለቱ ሲ፣ በአንዱ ኤፍ ብታመጡ ውጤታችሁ 2.17 ነው። ከሁለቱ ሲዎች አንዱ ወደ ኤፍ ቢወርድ ግን 1.83 ይሆናል፤ ለመመረቅ ከሚጠየቀው 2.00 በታች ወረዳችሁ ማለት ነው። ልዩነቱ አንድ ኮርስ ነው! ስለዚህ የሚያስፈራችሁን ኮርስ አትሽሹት፤ ብዙ ጊዜ የሚጥለን የሸሸነው ነው።

አንዳንዱ "ፍሬሽማን ኮርስ ምን ያደርጋል፣ ዋናው ዲፓርትመንት ስገባ ነው" ይላል። የፍሬሽማን ዓመት በ2012 ዓ.ም. ከተመለሰ ወዲህ ሎጂኩ፣ ሳይኮሎጂው፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪኩና ጂኦግራፊው ለመሸጋገሪያ ብቻ የተቀመጡ አይደሉም። የዲፓርትመንት ምርጫ ሲደረግ ይሄው ውጤት ይታያል። እዚህ ዲፓርትመንት ልናገኛችሁ የምንችለው ይህን ዓመት በደህና ከተሻገራችሁ ነው።

ሦስተኛ፣ ሚድ ፈተና ሲመለስ ወረቀቱን አጥፋችሁ ኪሳችሁ አትክተቱ። ጎረቤቶቼ ሸማኔዎች ድሩ ሲበጠስ ወዲያው ቆም ብለው ይቀጥሉታል፤ "ቆይ ጥቂት ልሥራና" የተባለ እንደሆነ ጥፋቱ ጨርቁ ላይ ይወጣል። ሚድም እንደዚያው ነው፤ ለመቀጠል ገና ጊዜ አለ። የመምህሩን ኦፊስ አወር ጠይቃችሁ ሂዱ። "ነጥብ ይጨምሩልኝ" ብላችሁ ሳይሆን "መምህር፣ ይህ ጥያቄ የት ላይ እንደተሳሳትኩ ቢያሳዩኝ" ብላችሁ ጠይቁ። ሁለቱ አነጋገሮች የሚከፍቱት በር የተለያየ ነው።

አራተኛ፣ እንግሊዝኛ። ብዙዎቻችን የምንወድቀው ትምህርቱ ከብዶን ሳይሆን ቋንቋው ከብዶን ነው። እኛ ዶርም የሠራልን ዘዴ ይሄ ነው፦ በአማርኛም በኦሮምኛም በሚቀናን ቋንቋ እንከራከርና የተግባባንበትን እያንዳንዳችን በራሳችን እንግሊዝኛ አምስት መስመር እንጽፋለን። ቴሌግራም ላይ የሚለቀቅ ሀንድአውትና ያለፉ ዓመታት ወርክሺት ይጠቅማል፤ እሱን ብቻ የሸመደደ ግን ጥያቄው ትንሽ ሲገለበጥ አብሮ ይገለበጣል።

ስለ ኑሮው ደግሞ፦ ከቆላ ለመጣችሁ የስድስት ኪሎ ብርድ ቀልድ አያውቅም። ሽቅብ ወደ ሽሮ ሜዳ ውጡና ጋቢ ግዙ፤ ስትገዙ ተከራከሩ እንጂ የመጀመሪያውን ዋጋ አትክፈሉ። ዶርም ሲጨንቃችሁ ኬኔዲ ላይብረሪ ሂዱ። በ1954 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ የሆነው ግቢ ቀድሞ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር፤ ሙዚየሙን ሳያዩ የሚመረቁ አሉና እናንተ እንደነሱ አትሁኑ። ቤተሰብ ሲደውልም ሁልጊዜ "ደህና ነኝ" አትበሉ። እናት ከልጇ ድምፅ ታውቃለች፤ እውነቱን ብትሰማ ቢያንስ ትጸልያለች፣ ትመክራለች።

ለመምህራኖቻችንም በትሕትና አንድ ቃል፦ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ "ቢሮዬ እዚህ ነው፣ ጠይቁኝ" ብላችሁ ብትነግሩን፣ የናንተ አንድ ደቂቃ የእኛን ሴሚስተር ያድናል።

በመጨረሻ፣ በዚህ ሳምንት አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። የአድቫይዘራችሁን ቢሮ፣ ሬጅስትራርንና ክሊኒኩን በእግራችሁ ሄዳችሁ እወቋቸው። ችግር የመጣ ዕለት መንገድ መፈለግ ከባድ ነው። በሩን ቀድሞ የሚያውቅ ሰው ግን ለማንኳኳት አይፈራም።

መልካም የትምህርት ዘመን!