ለማይታወቅ አንባቢ መጻፍ

የተማሪ ድርሰት አብዛኛውን ጊዜ አንድ አንባቢ ብቻ አለው፤ መምህሩ ያነበዋል፣ ውጤት ይሰጠዋል፣ ከዚያ በኋላ የሚያስታውሰው የለም። እንዲህ የሚጽፍ ወጣት መምህሩን ማስደሰትን እንጂ ለጻፈው ቃል ኃላፊነት መውሰድን አይማርም። ስለዚህ ተማሪዎች በውክፔዲያ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ2001 በተመሠረተውና ማንም ገብቶ ሊያርመው በሚችለው የበይነ መረብ መዝገበ ዕውቀት ላይ እንዲጽፉ ማድረግ ከኮምፒውተር ሥልጠና የላቀ ፋይዳ አለው።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው በካናዳ፣ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2008 የተሰጠው የላቲን አሜሪካ ሥነ ጽሑፍ ትምህርት ነው። ተማሪዎቹ ስለሚያነቧቸው መጻሕፍትና ደራስያን በመዝገበ ዕውቀቱ ጻፉ፤ ከሥራዎቻቸውም ሦስቱ፣ በበጎ ፈቃደኛ አራሚዎች በይፋ ተመርምረው፣ መዝገቡ ለምርጥ ጽሑፎች ብቻ የሚሰጠውን ማዕረግ አገኙ። ከሦስቱ አንዱ የጓቲማላዊውን የሚጌል አንሄል አስቱሪያስን «ኤል ሴኞር ፕሬሲዴንቴ» የተባለ ልብ ወለድ የሚመለከት ነው።

ስለዚህ መጽሐፍ የሚጽፍ ተማሪ «ልብ ወለዱ የአምባገነንነትን አስከፊነት በድንቅ ሁኔታ ያሳያል» ቢል በክፍል ውስጥ ሊመሰገን ይችላል፤ በመዝገበ ዕውቀቱ ግን «ድንቅ ያለው ማን ነው?» የሚል ጥያቄ ይነሣበታል፤ ምክንያቱም ደንቡ ጸሐፊው የራሱን ፍርድ እንዳይሰጥና የሚያሰፍረውን ሐሳብ በታተመ፣ ተአማኒ ምንጭ እንዲያስደግፍ ያስገድደዋል። ተማሪው ወይ አስተያየቱን የሰጠውን ሐያሲ በስም ጠርቶ ገጹን በግርጌ ማስታወሻ ያመለክታል፣ ወይም አስተያየቱን ትቶ መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1946 ሜክሲኮ ውስጥ እንደታተመና መነሻው የአምባገነኑ የማኑኤል ኤስትራዳ ካብሬራ ዘመን እንደሆነ ይጽፋል። ረቂቁ ከመለማመጃ ገጽ ወጥቶ ለሕዝብ ከቀረበ በኋላም የማያውቀው ሰው አንቀጹን ሊሰርዘው ይችላል። ያን ጊዜ በውይይት ገጹ፣ ማለትም አራሚዎች በሚከራከሩበት ቦታ፣ ማስረጃ ማቅረብ ወይም ስሕተቱን መቀበል ይኖርበታል፤ የዩኒቨርሲቲው ስምም ሆነ የመምህሩ ማዕረግ አያድነውም።

በአማርኛ ለሚጽፍ ተማሪ ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። የአማርኛው ውክፔዲያ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲነጻጸር እጅግ አነስተኛ ነው፤ ስለ ኢትዮጵያ የተጻፈው ብዙው ዕውቀት ደግሞ ገና ከታተሙ መጻሕፍትና መጽሔቶች አልወጣም። ሆኖም ደንቡ ምንጩ በበይነ መረብ እንዲገኝ አያስገድድም፤ ደራሲው፣ የታተመበት ዘመንና ገጹ በትክክል ከተጠቀሱ በብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ በወመዘክር፣ መደርደሪያ ላይ ያለ መጽሐፍም በቂ ምስክር ነው። ስለዚህ ተማሪው ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ማንበብ፣ ያነበበውንም ሳይገለብጥ በራሱ አገላለጽ ማስፈር ግድ ይሆንበታል። እንዲህ የሠለጠነ ሰው ጽሑፉ ነገ በሌላ እጅ ቢለወጥ እንኳ፣ ማንኛውንም ጽሑፍ ሲያነብ «ይህን ያለው ማን ነው? ማስረጃውስ የት ይገኛል?» ብሎ የመጠየቅን ልማድ ይዞ ይወጣል፤ ትምህርት ከዚህ የሚበልጥ ሊሰጠው የሚችለው ነገር ጥቂት ነው።