የዕረፍት ቀኗ የማን ነው?

በቤታችሁ የሕክምና ተማሪ ካለ ይህን ጽሑፍ ከትዳር ጓደኛችሁ ጋር ሆናችሁ አንብቡት። ልጃችሁ ርቆ የሚማር ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ይመለከታችኋል። በቤታችሁ ባይኖርም በጉባኤያችሁ መካከል አይጠፋም። እሑድ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ፣ ስብከቱ ገና ሳይጋመስ ዓይኑ የሚከደንበት ወጣት ካያችሁ «መንፈሳዊ ድካም ነው» ለማለት አትቸኩሉ። ምናልባት ሌሊቱን በሕመምተኛ አልጋ አጠገብ ቆሞ ያነጋ ይሆናል።

እኔና ባለቤቴ የምናገለግለው በባሌ ነው። መዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም ተማሪ መቀበል ከጀመረ ወዲህ ሮቤና ጎባ የተማሪ ከተሞች ሆነዋል። ዋናው ግቢ ሮቤ ነው፤ የሕክምና ተማሪዎቹ የሚውሉት ግን 14 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በጎባ፣ ሪፈራል ሆስፒታሉ ባለበት ነው። ጎባ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከቆላ የመጣ ልጅ የመጀመሪያውን ኅዳር በሁለት ብርድ ልብስም አይሞቀውም።

ስለ አንዷ ልንገራችሁ። ስሟን አልጠራም፤ እንድጽፍ ግን ፈቅዳልኛለች። የመጣችው ከአርባ ምንጭ ነው፤ ከሙዙና ከማንጎው አገር። ባሕር ባትሻገርም ጎባ ለእርሷ እንደ ውጭ አገር ነበረች። አየሩ ሌላ፣ ቋንቋው ሌላ። ከተማው ውስጥ አማርኛ ያግባባታል፤ ከገጠር የሚመጡት እናቶች ግን የሚናገሩት አፋን ኦሮሞ ነው። በደብተሯ የመጨረሻ ገጽ ላይ «ኤሳቱ ኢሲን ዱኩባ?» ብላ ጽፋ አይቻለሁ። «የቱ ጋ ያምዎታል?» ማለት ነው። ጥያቄውን በአንድ ቀን ለመደችው። መልሱን መረዳት ነው ወራት የፈጀባት።

ወደ ሕሙማን ክፍል መግባት ከጀመሩ በኋላ የእነዚህ ልጆች ሳምንት ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ? ማለዳ ከመምህራን ጋር ሕመምተኞችን መጎብኘት፣ የሕመምተኛውን ታሪክ በጓደኞቻቸው ፊት ማቅረብ፣ ከዚያ ንባብ፣ ከዚያ የሌሊት ተረኝነት፣ በላዩም ፈተና። ለእርሷ የምትተርፋት ቅዳሜ ብቻ ነበረች፤ እርሷም በየሳምንቱ አይደለችም።

ያቺ ቅዳሜ ታዲያ የማን ነበረች? ጠዋት የመዘምራን ልምምድ አለ። ቀጥሎ የእሑዱ የሕፃናት ትምህርት ዝግጅት። ከሰዓት በኋላ አንዲት እናት ደም ግፊታቸውን እንድትለካላቸው ያስጠሯታል፤ ሌላው ደግሞ የላቦራቶሪ ወረቀቱን ይዞ በር ላይ ይጠብቃታል (ገና ተማሪ ናት እኮ!)። ማታ እናቷ ይደውላሉ፤ «ልጄ፣ እያጠናሽ ነው?» ከእነዚህ ሰዎች አንድም ክፉ ያሰበባት የለም። ሁሉም ይወዷታል። ፍቅራቸው ተጠራቅሞ ቀኗን በላባት እንጂ።

በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ ስትከታተላት የነበረች ሕፃን አረፈች። ኀሙስ ማታ ወጥ ቤት ከእኔ ጋር ሽንኩርት እየከተፈች ሳለ ቀና ሳትል «እትዬ፣ ትምህርቱን ልተወው ነው» አለችኝ። ባለቤቴ ከሳሎን ሰምቷል። ብዙ ቃል የሚያውቅ ሰው ነው፤ ያን ማታ ግን ምንም አልሰበከም። «ቅዳሜ ምንም ፕሮግራም እንዳትይዢ» ብቻ አላት። ለመዘምራኑ መሪም ደወለለት። መሪው ደስ አላለውም። ይሁን።

ከሽማግሌዎቻችን አንዱ ወደ ደሎ መና ቡና ሊጭኑ ስለሚሄዱ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ በመኪናቸው ተሳፈርን። ከጎባ የሚወጣው መንገድ የአስታውን ጫካ አልፎ ወደ ሳነቴ አምባ ያወጣችኋል። 4,000 ሜትር ከፍታ ላይ መኪና ይሄዳል ቢሏችሁ ታምናላችሁ? የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ብዙዎቻችን በቴሌቪዥን አየነው፤ እዚሁ ደጃችን እያለ ግን ሄደን ያየነው ጥቂቶች ነን።

ገና ከመኪናው ስትወርድ እጇን አንጓዋ ላይ አድርጋ የልብ ምቷን መቁጠር ጀመረች። ኦክስጅኑ እንደሚሳሳ፣ ራስ ምታት ሊኖር እንደሚችል አስረዳችን። ባለቤቴም «ዛሬ ሐኪም አይደለሽም» አላት፤ ሳቀች። ከዚያ ቀይ ቀበሮ አየን። በዓለም ላይ ያሉት ለአካለ መጠን የደረሱት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትም እዚሁ ባሌ ናቸው። ይህኛው የአይጥ ጉድጓድ ፊት አንገቱን ደፍቶ ቆሞ ነበር። እኛም ቆምን። አይጧ አልወጣችም፤ እርሱም አልተቻኮለም። በዙሪያችን ጅብራዎቹ እንደ ሰው ቆመዋል። ለብዙ ዓመታት አድገው አንድ ጊዜ ብቻ አብበው የሚሞቱ ናቸው።

ከትንሿ ኩሬ ዳር ተቀምጠን ስለ ሕፃኗ አወራችልን። አለቀሰች። እኛም ዝም አልን። ነቢዩ ኤልያስ ከክትክታው ዛፍ ሥር ሞቱን ሲለምን መልአኩ አስቀድሞ ያቀረበለት እንጎቻና ውኃ ነው፤ በልቶም ተመልሶ እንዲተኛ ተወው። «በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው ከብዙ ቀን በኋላ ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ይህን ክፍል ተምሬዋለሁ፤ እንጀራና ቀይ ሻይ በፌስታልና በፔርሙዝ ይዤ ሳነቴ ላይ ሳነበው ግን ሌላ መልክ ነበረው።

ከአምባው ቁልቁል ሲወረድ የሐረና ደን ነው። ከውርጩ ተነስታችሁ ብዙም ሳትቆዩ ቡና በጫካ ወደሚበቅልበት አገር ትወርዳላችሁ። ሽማግሌው ሪራ መንደር አውርደውን ጉዟቸውን ቀጠሉ። ጃኬቷን አወለቀች፤ አየሩን ሳበችና «አርባ ምንጭ ሸተተኝ» አለች። ማር በዳቦ በላን። ስንመለስ መኪናው ውስጥ እስከ ጎባ ድረስ ተኛች።

ይህን ለአንድ ጡረታ ለወጡ ሐኪም ሳጫውታቸው ፈገግ አሉ። እርሳቸው የባሌ ልጅ ናቸው፤ የተማሩት ግን ኩባ ነው። ከሶማሊያ ጦርነት በኋላ በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች፣ ብዙዎቹም ወላጆቻቸውን በጦርነቱ ያጡ፣ «የወጣቶች ደሴት» ወደምትባለው የኩባ ደሴት ተልከው ነበር። ግማሽ ቀን እየተማሩ ግማሽ ቀን በፍራፍሬ እርሻ ይሠሩ ነበር። «እሑድ ዕረፍት ስናገኝ ጓደኞቼ ባሕር ይዋኛሉ» አሉኝ ሐኪሙ። «እኔን ግን የጎባ ብርድ ይናፍቀኝ ነበር። ኋላ ሕክምና ስማር አንዲት ባልቴት ጎረቤት ነበሩኝ። በየእሑዱ በረንዳቸው ላይ ቡና ይሰጡኛል። ስለ ትምህርቴ አንድም ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም። ስማቸውን እስከ ዛሬ አልረሳሁም።»

ልጅቱ ትምህርቱን አልተወችም። አሁን ኢንተርን ናት። ነጻ ቅዳሜ ስታገኝ ወደ ቤታችን ትመጣና ሶፋው ላይ እስከ እኩለ ቀን ትተኛለች፤ ልጆቼም በእግራቸው ጣት ይራመዳሉ። ለእናቷም ደውዬ «ቅዳሜ ሲደውሉላት ስለ ፈተና አይጠይቋት» አልኳቸው። «ታዲያ ምን ልጠይቃት?» አሉኝ። «ምን እንደበላች ይጠይቋት።» ባለፈው ቅዳሜ ስልኩን ይዛ ጓሮ ወጣች፤ ቡናው ሦስተኛው ደርሶ እንኳ ስለ ቀይ ቀበሮው እያወራቻቸው ነበር።