የቅዳሜ ሥራ ፈት

ቅዳሜ ለደባርቅ ልጅ የዕረፍት ቀን አይደለችም፤ ገበያ ናት። እናቴ በዚያች ቀን ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ፣ ጌሾዋንና በርበሬዋን ተሸክማ ወጥታ፣ ማታ አቧራ ለብሳ ትገባ ነበር። እናም በ1992 ዓ.ም. ለሁለተኛ ዲግሪ ሊድስ የምትባል የሰሜን እንግሊዝ ከተማ ስገባ፣ ከብርዱ ይልቅ ግራ የገባኝ የቅዳሜ ሥራ ፈትነቴ ነበር።

መቼስ ለመልመድ ጊዜ አልወሰደብኝም። እስከ ረፋዱ አራት ሰዓት እተኛለሁ። ከዚያ የሳምንቱን ልብስ በከረጢት ጠቅጥቄ ሳንቲም እየበላ ወደሚያጥበው ማሽን እወስዳለሁ። ማሽኑ ሲሽከረከር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ በመስኮት ዝናቡን አያለሁ። ማንም አያዘኝ! ቀጥሎ ኪርክጌት ገበያ ገብቼ ምስርና ሽንኩርት እገዛለሁ። (ጣራው የብረትና የመስታወት ሥራ ነው፤ ያማረ ነው። ግን አህያ የሌለበት ገበያ ለእኔ ገበያ አይመስለኝም።) ከሰዓት በኋላ በጋራ ወጥ ቤታችን፣ ከአገር ቤት በመጣልኝ በርበሬ ወጥ እሠራለሁ፤ ሽታው ኮሪደሩን ሲሞላው ግሪኩ ጎረቤቴ ዳቦውን ይዞ ብቅ ይላል።

ሐፍረቱ የሚመጣው በስልክ ነው። ያኔ ቤታችን ስልክ የለም። እናቴ በቀጠሮ ከገበያ መሃል ተነሥታ ቴሌ ትሄድና ወረፋ ይዛ ትጠብቀኛለች። ደባርቅ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እኔ ዘንድ ስድስት ሰዓት ነው። «ምን እየሠራህ ነው?» ስትለኝ «አሁን መነሣቴ ነው» ብያት አላውቅም።

«እያነበብኩ ነው።»

«ዓይንህን ጠብቅ፣ ልጄ።»

በኅዳር አንድ ቅዳሜ ውሸቴ እውነት ሆነ። ዝናቡ ሲብስ ቤተ መጻሕፍት ገባሁና ከጥናቴ ጋር የማይገናኝ መጽሐፍ ሳገላብጥ የልዑል ዓለማየሁን ስም አየሁ። በሰባት ዓመቱ ከመቅደላ መወሰዱን፣ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ መንገድ ላይ መሞታቸውን፣ ዊንድዘር መቀበሩን ስለ ቴዎድሮስ የተጻፉ ቴአትሮችን ሳስተምር ስንቴ ጠቅሻለሁ! የሞተው ግን ሊድስ ኖሯል። ኅዳር 1872 ዓ.ም.፣ በ18 ዓመቱ፣ ሄዲንግሊ በተባለው ሰፈር፣ በአስተማሪው ቤት፣ በሳንባ ሕመም። ሄዲንግሊን እኔ የማውቀው በቢራ ቤቶቹና በክሪኬት ሜዳው ነበር።

ለዚህ ልጅ ደግሞ ባዕድ አይደለሁም። አያቴ የደረስጌ ሴት ነበሩ። ደጃዝማች ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ያሰቡት የደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በየካቲት 1847 ዓ.ም. ድል ያደረጓቸው ቴዎድሮስ የነገሡበት መሆኑን ሲያወሩ፣ የትናንት ሐዘን ያስመስሉት ነበር። ጥሩወርቅ የውቤ ልጅ ናቸው። ቴዎድሮስ ያገቧቸው አባታቸውን አስረው ነው። እናም ዓለማየሁ ለአያቴ የቴዎድሮስ ልጅ ከመሆኑ በፊት የውቤ የልጅ ልጅ፣ «የኛው ልጅ» ነበር።

መጽሐፉን መልሼ ወጣሁ። ሽቅብ ሃምሳ ደቂቃ ያህል በእግር ነው። ቤቱን ፍለጋ አልገባሁም፤ መንገዱ ዳር ቆምኩ። ተማሪዎች ይሳሳቃሉ፤ አንድ ሽማግሌ በዝናብ ውሻቸውን ያንሸራሽራሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ምን ይሠራ ነበር? ራግቢን በመሰለ ስመ ጥር ትምህርት ቤት፣ በኋላም ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት የገባ ልጅ ነው። ንግሥቲቱም ትወደው ነበር ይባላል። ተኝቶ አርፍዶ «እያነበብኩ ነው» ብሎ የሚዋሻት እናት ግን አልነበረችውም። ሕመሙ ሲጠና መርዘውኛል ብሎ ጠርጥሮም ነበር። (በ2015 ዓ.ም. አጽሙ ይመለስ ሲባል፣ ቤተ መንግሥቱ በአጠገቡ ያረፉትን ሳይረብሹ ማውጣት አይቻልም ብሎ እምቢ አለ። በመስከረም 2016 ለኢትዮጵያ የተሰጠው ዘለላ ጸጉሩ ነው።)

በሚቀጥለው ቅዳሜ ለእናቴ ነገርኳት። ዝም አለች፤ መስመሩ ብቻ ይንሿሿል።

«ሲታመም ማን ነበር አጠገቡ?»

«አስተማሪው።»

«ከዘመድስ?»

«ማንም።»

«አንተስ ብትታመም ማን አለህ?»

«አንድ ግሪክ አለ።»

«ክርስቲያን ነው?»

«ኦርቶዶክስ ነው።»

«ተመስገን! ዛሬስ ምን እየሠራህ ነው?»

ካርዴ ሊያልቅ ነው።

«ተኝቼ ነበር፣ እማዬ፤ አሁን መነሣቴ ነው» አልኳት።

«ሁልጊዜም ድምፅህ ያስታውቃል» አለችኝ።