በረካ የሌለው ቡና

የምኖረው በካልጋሪ ሰሜን ምሥራቅ፣ ሞንተሬይ ፓርክ ሰፈር ነው። በክረምት መስኮት አይከፈትም፤ ቡና ስቆላ ደግሞ የጭስ ደወሉ ይጮሃል። ስለዚህ ጀበናዬን አስቀምጬ፣ የተቆላ ይርጋ ጨፌ ገዝቼ፣ በወረቀት ማጥለል ጀመርኩ። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1908 የፈለሰፉት ጀርመናዊቷ እመቤት ሜሊታ ቤንትስ ናቸው። ለ15 ግራም ቡና 250 ግራም ውሃ፤ መጀመሪያ ዱቄቱን አርሶ ግማሽ ደቂቃ መጠበቅ፣ ከዚያ በቀስታ ማንቆርቆር ነው። አተላ የሌለው፣ የጠራ ቡና ይወርዳል፤ ጣዕሙ አይታማም።

ይሁን እንጂ ወረቀቱ ከአቦል በኋላ ይጣላል፤ ቶና የለው፣ በረካ የለው፣ «ቡና ጠጡ» ተብሎ የሚጠራ ጎረቤት የለው። ባለፈው ቅዳሜ ጋራዡን ከፍቼ ቆላሁ። ሽታው ሁለት የአገር ልጆች ጠራልኝ፤ እስከ በረካ ተጫወትን። ማጥለያው ለሥራ ቀን ይሁነኝ።