ሽንኩርት ኩፖን የለውም

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር 2009 ነው። አሜሪካ በኢኮኖሚ ቀውስ ተመትታ፣ በኦክቶበር ወር ከመቶ ሠራተኛ አሥሩ ሥራ አጥቶ ነበር። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ሰዘርን ታወርስ በሚባሉት ረጃጅም ሕንፃዎች ብዙ ሐበሻ ይኖራል። አብዛኞቻችን ታክሲ ነጂ፣ የፓርኪንግ ገንዘብ ተቀባይ ወይም የሆቴል ሠራተኛ ነበርን። ተሳፋሪ ጠፋ፤ የሥራ ሰዓታችንም ተቀነሰ።

ኩፖን፣ ሱቅ ውስጥ ዋጋ የሚያስቀንስ ቁራጭ ወረቀት፣ ቤታችን የገባው ያን ሰሞን ነው። ባለቤቴ ታክሲ ይነዳል። እሑድ ጠዋት ተሳፋሪዎች ዋሽንግተን ፖስትን አንብበው ወንበር ላይ ጥለውት ይወርዳሉ። ዜናውን እሱ ሲያነብ፣ በመሐል የታጠፉት ባለቀለም ወረቀቶች የእኔ ድርሻ ሆኑ፦ ስማርት ሶርስ፣ ሬድ ፕለም፣ በወር አንዴ ደግሞ ሳሙናና ዳይፐር የሚያመርተው የፒ ኤንድ ጂ። ጎረቤቶቼም ጀመሩ። ቅዳሜ ልብሳችን ማሽን ውስጥ እስኪታጠብ የማጠቢያው ክፍል ጠረጴዛ ላይ ተሰብስበን እንቆርጥ ነበር። ያገኘነውን ሁሉ ስለምንቆርጥ ጠረጴዛው በቁርጥራጭ ይሞላል፤ የሚፈለገው ግን በሚፈለግበት ሰዓት አይገኝም።

ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ አንዲት እናት ነበሩ፤ ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። አዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ሆነው ሠርተው ጡረታ የወጡ ናቸው። እንግሊዝኛ ብዙም አያነቡም፤ ቁጥርና ሥዕል ግን አያመልጣቸውም። አንድ ቅዳሜ ክምራችንን ቆመው ሲያዩ ቆዩና፣ «ይህን ሁሉ ወረቀት ማን ተረከበው?» አሉ።

ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም።

«መቀሱን አስቀምጪው ልጄ። መጀመሪያ ቤትሽ ያለውን ቁጠሪ። በወር ስንት ሳሙና ይጨርሳል? ስንት ዳይፐር? የማይጨርሰውን አትቁረጪ።»

በሳምንቱ እያንዳንዳችን የቤታችንን ዝርዝር ይዘን መጣን። ዝርዝሩ ራሱ አስተማሪ ነበር። ወጥ የሚሠራበት ነገር፣ ሽንኩርቱ፣ ምስሩ፣ ሥጋው፣ በርበሬው፣ ጤፉ፣ ኩፖን የለውም። ኩፖን የሚያወጣው ስሙን ካርቶን ላይ የሚያትም ፋብሪካ ነው፤ ስለዚህ ያለው ለሳሙና፣ ለጥርስ ሳሙና፣ ለዳይፐር፣ ለልጆች ሲሪያል ነው። እትዬ ወዲያው ገባቸው። «እንግዲያው ከሳሙናው የሚተርፈው ለቅቤ ይሆናላ!» አሉ። ከዚያ በኋላ የሁላችንም ሒሳብ በዚሁ ሄደ።

ለማስቀመጫ ወፍራም ማኅደር ገዛን፤ ውስጡም የቤዝቦል ተጫዋቾችን ካርድ የሚሰበስቡ ልጆች የሚጠቀሙባቸው፣ እያንዳንዳቸው ዘጠኝ ኪስ ያላቸው የፕላስቲክ ገጾች። አንዱ ገጽ የልብስ ሳሙና፣ አንዱ የሕፃን ዕቃ፣ አንዱ የቁርስ ሆነ። በየኪሱ ደግሞ የግምጃ ቤቱ ሕግ ገባ፦ ቀኑ ቶሎ የሚያልፈው ከፊት፣ የሚቆየው ከኋላ። ያልተቆረጠው የጋዜጣ ክፍል እንዳለ ተቀምጦ የወጣበት ቀን ላዩ ላይ ይጻፍበታል፤ ዕቃው ሴል (የዋጋ ቅናሽ) ሲወጣ ያኔ ይቆረጣል።

ለአዲስ መጪ አስቸጋሪው ቀኑ ነው። አሜሪካኖች ወሩን ያስቀድማሉ። 04/06 ተብሎ ሲጻፍ አፕሪል 6 ማለት ነው፤ እኛ ግን ጁን 4 ብለን ሁለት ወር ተዝናንተን እንቀመጣለን። እትዬ ወሩን በቀይ እስክሪብቶ እንድናከብበው አዘዙን።

እኔ ማታ ማታ የፓርኪንግ ዳሱ ውስጥ ብቻዬን ስለምቀመጥ ደቃቁን ጽሑፍ ማንበብ የእኔ ሥራ ሆነ። ስንት ኦውንስ? አንድ ሲገዛ ነው ወይስ ሁለት? በመደብሩ ኩፖን ላይ የፋብሪካውን መደረብ ይቻላል? ትንሽ የሚባለውን ኩፖን እጥፍ የሚያደርግ መደብር በአካባቢያችን ነበር፤ 50 ሳንቲሙን 1 ዶላር ይቆጥረዋል። በሴል 1 ዶላር የገባ የጥርስ ሳሙና እንግዲህ በነፃ ተወሰደ ማለት ነው።

ሆኖም ካሸሩ ፊት ስንቆም ይሉኝታ ያዘን። ከኋላ ሰው ሲተነፍስ ይሰማል፤ ወረቀት መዘርጋቱ ልመና መሰለን። እትዬ ራሳቸው አንድ ቀን ማኅደሩን ከቦርሳቸው ሳያወጡ ሙሉ ዋጋ ከፍለው ተመለሱ።

መልሱን ያገኘሁት ከዚያው ደቃቅ ጽሑፍ ነው። በብዙዎቹ ኩፖኖች ላይ ዴል ሪዮ ወይም ኤል ፓሶ፣ ቴክሳስ የሚል አድራሻ አለ። መደብሩ የተቀበለውን ወረቀት ለሒሳብ ያስተላልፋል፤ ፋብሪካውም የቀነሰውን ዋጋ ይመልስለታል፣ በአንዱ ኩፖን 8 ሳንቲም የድካም ዋጋ ጨምሮ። ይህን ለእትዬ ሳነብላቸው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ባለሱቁ አይጎዳም?»

«እንዲያውም ይጨመርለታል፣ እትዬ።»

«ታዲያ ይህ ልመና አይደለም፤ ሰነድ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ካሸሩ ፊት ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ሪሲቱንም መስመር በመስመር ሳያመሳክሩ ከበሩ አይወጡም ነበር። ሴል የወጣው ዕቃ ከመደርደሪያው አልቆ ሲያገኙም ባዶ እጃቸውን አይመለሱም፤ ዕቃው ሲመጣ በዚያው ዋጋ የሚያሸጥ ወረቀት ያጽፋሉ።

በ2011 ኩፖን የሚያሳድዱ ሰዎችን የሚያሳይ ፕሮግራም ቴሌቪዥን ላይ ታዋቂ ሆነ። ሰዎቹ ጋራዣቸውን በሰናፍጭና በሌላ ዕቃ ሞልተው ይኩራራሉ። እትዬ አዩትና፣ «ይህን ሁሉ ሰናፍጭ ማን ሊበላው ነው?» አሉ። የእኛ ትርፍ ግን መንገድ ነበረው። ሕፃን የሌላት የዳይፐሩን ኩፖን ሕፃን ላላት ሰጥታ የሻምፖውን ትወስዳለች። ከአልጋ ሥር የተጠራቀመው የጥርስ ሳሙና ደግሞ ከደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ አዲስ አበባ በሚበር ሰው፣ እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ በሚፈቀድባቸው ሁለት ሻንጣዎች፣ ለየቤተሰባችን ይሄድ ነበር።

ዛሬ የጋዜጣው ወረቀት ሳስቷል፤ ኩፖኑ በስልክ ሆኗል። በቅርብ የመጡ ልጆች የትኛውን አፕ ላውርድ ብለው ይጠይቁኛል። አሳያቸዋለሁ። ከዚያ በፊት ግን ቁም ሳጥናቸውን ከፍተው እንዲቆጥሩ እልካቸዋለሁ። ስልኩ ቀኑ ያለፈበትን ኩፖን ራሱ ያጠፋል፤ ቤት ውስጥ ስንት ሳሙና እንደቀረ ግን አያውቅም።